ሚስቴ ለሌላ ሰው የጠበሰችው ዓሣ

ቅናት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም እያልኩ ነው ሃምሳን ልደፍን የተቃረብኩት። አሁን ሳስበው ግን ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ የምቀናበት ሰው አጥቼ ነው። ጅማ ውስጥ የወንዝ ዓሣ አጠናለሁ ብሎ ቦቲ አጥልቆ ጭቃ ውስጥ የሚገባ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል?

እዚህ አገር የሰው ወሬ ቡና ነው። ዘንድሮ አበበ አላበበም፣ የሊሙ ይሻላል የጎማ ይሻላል፣ ዝናቡ ቀደመ ዘገየ። በቡና አገር ዓሣ ማጥናት ማለት ሠርግ ቤት ገብቶ ስለ ግብር ማውራት ማለት ነው። ሰው በትህትና ያዳምጥህና ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ሌላው ያዞራል። የሰፈራችን የባጃጅ ሾፌሮች «ዓሣው መጣ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ኮሌጅ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፤ ሦስተኛውን ልጀምር ልጀምር ስል ፀጉሬ ቀድሞኝ አለቀ።

ሚስቴ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ካፌ አላት። ትንሽ ናት፣ ግን የራሷ ጄኔሬተር ያላት ካፌ ናት። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የኮሌጁ ፍሪዘር መብራት በጠፋ ቁጥር ይቀልጣል፣ መብራት ደግሞ እንደ ልቡ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዓሣዎቼን ሚስቴ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ከላይ የእሷ ቅቤና አትክልት፣ ከታች የእኔ ዓሣ። ተማሪዎቼ «መምህር፣ ላብራቶሪዎ ማኪያቶ ይሸጣል አሉ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እውነታቸውን ነው።

ከሚስቴ ጋር በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ከእሷ የተመኘሁት አንድ ነገር ነበር። ስለ ዓሣዎቼ አንድ ጥያቄ እንድትጠይቀኝ። አንድ ብቻ፤ ሁለት አላልኩም። ከወንዝ ስመለስ በር ላይ ተቀብላ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አለ፤ «እጅህን ታጥበሃል?» የሚል። እሱን ከቆጠርነው ብዙ ጠይቃኛለች። ዓሣ ጠብሳልኝ ደግሞ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ስትነካካው ውለህ ማታ ደግሞ ቤቴን አታሸትብኝ ትላለች። እኔም አልቀየማትም ነበር። ለማንም ሰው ያልተደረገ ነገር አያስቀናም።

ታዲያ አምና ሰውየው መጣ።

ከባሕር ዳር ተዛውሮ ነው፤ እኛው ክፍል ተመደበ። ዶክተር ነው፤ የመርፌ ሳይሆን የዘረመል። ዓሣ ምን ዓይነት ዘር እንዳለው፣ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ መቼ ከማን እንደተለየ ከቁራጭ ክንፉ ላይ የሚያነብ ሰው ነው። ጣና ዳር ስላደገ ይሁን እንጃ ትከሻው የቀዛፊ ትከሻ ነው። ፀጉሩ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ይሄንን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት አጠራሩን ነው። እኔን «ጋሼ» ይለኛል፤ በ«እርስዎ» ነው የሚያናግረኝ። ሚስቴን «እህቴ» ይላታል፤ በ«አንቺ»። በእኔና በእሷ መካከል ያለው የአንድ ዓመት ልዩነት ነው። የምትበልጠው ደግሞ እሷ ናት።

ይሄንን ለሚስቴ ብነግራት «ታዲያ ዓይን ያለው ሰው ነው» አለችኝ።

አንድ ከሰዓት ካፌው ስገባ ሁለቱ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቴ ካፌዋ ውስጥ ተቀምጣ አላውቅም፤ የእሷ ወንበር ለደንበኛ ነው። ቀርቤ ስሰማ ሰውየው የበረዶ ዘመንን እያስረዳት ነው። ማኪያቶው ፊቱ አለ፤ አረፋውን በማንኪያ እየነካ፣ ይሄ በረዶ ነው እንበል ይላታል። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ዓለም በቀዘቀዘች ጊዜ የፈረንጅ አገር ሰሜኑ በሙሉ እንዲህ በረዶ ሥር ነበር። ወንዙም ሐይቁም ተዘጋ። ከዓሣው መሸሽ የቻለው ወደ ሞቃቱ አገር ሸሸ፣ ያልቻለው አለቀ። በረዶው ሲቀልጥ ያ የሸሸው ጥቂት ተመልሶ አገሩን ሞላው። ለዚህ ነው እዚያ ሰሜን ያለው ዓሣ ቁጥሩ ቢበዛም ዘሩ ብዙም የማይለያየው፤ ሁሉም የጥቂት ስደተኞች ልጅ ነው። መሸሸጊያ በሆነው አገር የቀሩት ግን በየወንዛቸው ለየብቻ ስለኖሩ የየራሳቸው መልክ አላቸው።

«እኛስ?» አለችው ሚስቴ። አገጯን በመዳፏ ደግፋ ነው። ያንን አገጭ በዚያ ሁኔታ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ስንተጫጭ ነው።

እኛ ጋ በረዶው እንደ ባሌ ያሉ ትልልቅ ተራሮች አናት ላይ ብቻ እንደነበር ነገራት። ለእኛ የደረሰን ብርድ ብቻ ሳይሆን ድርቅም ነው። ውሃው በረዶ ሆኖ እዚያ ማዶ ሲታሰር፣ እዚህ ዝናቡ ቀረ። ሐይቆች ጎደሉ፣ ወንዞች ተቆራረጡ፤ ጣና ራሱ ደርቆ ነበር። ሚስቴ «ጣና?» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ልክ የሰውየው እናት እንደታመሙ እንደተነገራት።

ይሄንን ታሪክ እኔ ነግሬያታለሁ። በጫጉላችን ሰሞን፣ ባሌም ሳይቀር፣ ጣናም ሳይቀር። ያኔ ተኝታ ነበር።

ከዚያ ጠየቀችው። እኔ ስንት ዓመት የጠበቅኩትን ጥያቄ፣ እሱን ጠየቀችው። «ቆይ፣ እነዚያ የተረፉት ጥቂት ከሆኑ እነማንን አገቡ? ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ነው የተጋቡት?»

ሰውየው ሳቀ፤ ጭንቅላቱን ወደኋላ ጥሎ ሳቀ። እኔ የማጠናው እኮ በትክክል ይሄንን ነው አላት። እኔም ከኋላ ሆኜ ዘው አልኩ። አዎ፣ ጥቂቶች እርስ በርስ ሲዋለዱ ዘራቸው ይጠባል፣ አንድ በሽታ ቢመጣ ሁሉንም ያገኛቸዋል፣ እኔም ስንት ጊዜ ያልኩት ይሄንን ነው እያልኩ ነው። ሚስቴ ሳትዞር እጇን ወደኋላ ዘረጋችና ሆዴ ላይ አሳረፈችው፣ በር እንደሚገፋ ሰው።

«ቆይማ እስቲ፣ ዶክተር ይጨርስ።»

ባንኮኒው ጋ ሄጄ የራሴን ሻይ ራሴ ቀዳሁ። ስኳር ሳይሆን ጨው ነበር ያደረግኩበት። ጠጣሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ የራሴ የምለው አንድ ሀብት ብቻ ቀረኝ፤ የሊሙ ገነቱ ሽማግሌ። ከከተማው ወጣ ብሎ ተረተር ላይ የቡና ደን ያላቸው ሰው ናቸው። ያ ተረተር እንደ ቤት ክዳን ነው። በአንድ ጎን የወረደው ዝናብ ግቤ ገብቶ፣ ኦሞን ይዞ ቱርካና ይደርሳል። በሌላው ጎን የወረደው ዴዴሳ ገብቶ፣ አባይን ይዞ ግብፅ ይሄዳል። አንድ ደመና፣ ሁለት ቪዛ እያልኩ ነው ለተማሪ የማስረዳው። በሁለቱም ጎን ምንጭ አለ፣ በሁለቱም ምንጭ ነጭ ዓሣ አለ። በዓይን ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ። የእኔ ሐሳብ፣ የራሴ ብቸኛ ሐሳብ፣ እነዚህ በዚያ ድርቅ ጊዜ ተለያይተው የቀሩ ዘመዳሞች ናቸው የሚል ነው። ይሄንን ለማረጋገጥ ግን የዘረመል ሰው ያስፈልጋል። የዘረመል ሰው ደግሞ በከተማው አንድ ነው። እያመመኝ ይዤው ሄድኩ።

ሽማግሌው ጋ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። በሄድኩ ቁጥር «ዓሣ የት አለ?» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ ያችኑ ከመንገድ ዳር ያለች ስስ ጅረት ያሳዩኛል። ሌላ የለም፣ ወላሂ እንጃ ይሉኛል። ከእሷ ጣት የምታክል ዓሣ ይዤ እመለስ ነበር። ያን ቀን ሰውየው ሰላምታ ከሰጣቸው በኋላ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ አለኝ፤ ኦሮምኛ ለእሱ ገና ስለነበር አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በራሴ አንደበት ነው የተሸነፍኩት።

«አባቴ፣ ክፉ ድርቅ መጥቶ ጅረቱ ሁሉ ሲቆረጥ፣ ውሃ የሚቀረው የት ነው?»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጁን ያዙት፣ የእሱን፣ «ሜ ኮቱ» አሉት፤ ና እስቲ ማለታቸው ነው። በቡናው መሐል ቁልቁል ወሰዱን። ታች፣ በግቤ ጎን፣ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ጥቁር ሆኖ የተኛ ኩሬ አለ፤ በአባታቸውም በአያታቸውም ዘመን ደርቆ አያውቅም። ዳቦ ፍርፋሪ ስንጥል ውሃው ፈላ። ክንዴን የሚያህል ነጭ ዓሣ።

እንዴት አባቴ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ስለምንዎት አልኳቸው፤ ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖብኛል። እሳቸው አልተቆጡም፣ እንደማባበል አድርገው ነው የመለሱልኝ።

«ማሎ፣ እባክህ አትቀየም። ዓሣ የት አለ የሚል ሰው መረብ ይዞ ይመጣል። ውሃ የት ይቀራል የሚል ሰው ግን ወይ ተጠምቷል ወይ ፈርቷል። እሱን እንዴት ልደብቀው?»

ለሰውየው ማር አወጡለት። ለእኔም ሰጡኝ፤ ግን መጀመሪያ ለእሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስሕተቴን ስሙ። የሰውየው አሠራር ቀላል ነው። ዓሣውን ይዞ ከክንፉ ጥፍር የምታህል ይቆርጥና አልኮል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይከታል፤ ዓሣውን ይለቀዋል። በቃ። ዓሣውም ቤቱ ይገባል፣ እኛም ቤታችን። መቀሱን ሲያወጣ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ጠርሙሱ የእሱ ነው፣ ሳጥኑ የእሱ ነው፣ ኪሱ የእሱ ነው። ከዚህ ኩሬ የእኔ ነው የምለው ምን ሊቀር ነው?

«አይሆንም» አልኩት። ሙሉውን ዓሣ እንወስዳለን፣ ርዝመቱም መለካት አለበት፣ አጥንቱም መታየት አለበት፣ ሚስቴ ጋ የማይቀልጥ ፍሪዘር አለ አልኩት። ሳይንስ ይመስላል አይደል? እሱም «እሺ ጋሼ» አለኝ፤ ያንን እሺ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ለታላቅ የሚባለውን። የግቤን ጎን ዓሣዎች ነጭ ክር በስንጥባቸው አሳልፌ በአፋቸው እያወጣሁ አሰርኩባቸው። በማግስቱ ተረተሩን ተሻግረን ከዴዴሳ ጎን የያዝናቸውን ቀይ ክር አሰርኩ። ጅማ ገብተን ሚስቴ ፍሪዘር ውስጥ ከታች ሳስቀምጣቸው፣ ይሄ ግቤ ነው፣ ይሄ ዴዴሳ ነው፣ ድርቁ ነው የለያያቸው እያልኩ ለማንም ሳይሆን አወራ ነበር። ሚስቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሰውየው አዲስ አበባ ባለው ላብራቶሪ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ዓሣዎቹ እዚያው ተኙ። በየቀኑ ከፍቼ አያቸዋለሁ ማለት እችል ነበር፤ አላየኋቸውም። የእኔ መሆናቸው በቅቶኝ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናት እተዋለሁ። ሰውየው የሚበላው ወገን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ካፌው ስሄድ ከአስፋልቱ ማዶ ሸተተኝ። ዘይት ውስጥ የገባ ዓሣ። መጀመሪያ ጎረቤት መሰለኝ፤ ቀጥሎ አፍንጫዬ ከእግሬ ቀድሞ ገባ።

ሰውየው ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ትሪ አለ፤ ትሪው ላይ ዳር ዳሩ ጥርብ ጥርብ ተደርጎ የተጠበሰ፣ ቡናማ የሆነ ዓሣ፣ ዳጣ በጎኑ፣ ሎሚ ተቆርጦ። ሚስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ሲበላ ታየዋለች። እኔን ስታይ ደስ ብሏት «መጣህ? ዶክተር የአገሩ ዓሣ ናፈቀኝ ሲል ጊዜ» አለች።

ከገበያ ነው የገዛሽው አልኩ። ዛሬ ከግቤ ግድብ የዓሣ መኪናው አልመጣም አለች። ታዲያ ከየት ነው ስላት በአገጯ ወደ ፍሪዘሩ አመለከተች።

«ያ አንተ የረሳኸው። ስንት ሳምንቱ? አንድ ቀን ከፍተህ ስታየው አላየሁህም።»

ተመራማሪ ከሆንኩ፣ መጀመሪያ ማዘን የነበረብኝ ለጥናቱ ነው። የኩሬው ዓሣ፣ ከዚያ ሁሉ ድርቅ የተረፈ ዘር፣ በዘይት አለቀ ብዬ። ወላሂ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነው። ለእኔ አንድም ቀን ዓሣ አልጠበሰችልኝም። ለእሱ ጠበሰችለት። የጠበሰችለት ደግሞ የእኔን ነው።

ሰውየው ማላመጡን አቆመ። ከትሪው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሚስቴ አየ። ፊቱ ቀስ እያለ አመድ መሰለ። «ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ይሄ የኛው ነው?» አዎ አልኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና የቀረውን ወገብ አነሳሁ። ምን ላድርግ? ከተበላ አይቀር ከበይዎቹ መሐል ልሁን ብዬ ነው። ጣፋጭ ነበር። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ፤ ለካ ትችላለች።

ሰውየው ለሚስቴ ነገራት፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይወቅሳት። ለጥናቱ የያዝናቸው እነዚህ ነበሩ፣ ዘይት ያየ ሥጋ ደግሞ ለላብራቶሪ ብዙም አይሆንም አላት። ያንን ጨዋነቱን ሳይ ሌላ ቅናት መጣብኝ። እኔ ብሆን እጮህ ነበር። ሚስቴ ሁለታችንንም በተራ አየችንና፣ ለዚህ ነው እንዴ ፊታችሁ የጠቆረው ብላ ወደ ፍሪዘሩ ሄደች። ፌስታሉን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

ጭንቅላቶች። ጠንክረው የቀሩ፣ አፋቸውን የከፈቱ የዓሣ ጭንቅላቶች፤ ከእያንዳንዱ አፍ ክር ወጥቷል፣ ነጭም ቀይም።

«ስጠብሳቸው ሲያዩኝ አልወድም፣ ቆረጥኳቸው» አለች። «ያንተን ነገር ደግሞ ሳልጠይቅ አልጥልም።»

ይሄ ሕግ የወጣው ድሮ አንድ ጠርሙስ ሙሉ የዓሣ እንቁላል ጥላብኝ ብዙ ሰሞን ባኮረፍኩ ጊዜ ነው። ሕጉ መጣልን ነው የከለከለው፤ መጥበስን የሚያነሳ አንቀጽ የለውም። ሰውየው አንዱን ጭንቅላት አንስቶ ስንጥቡን ገለጠ፣ የጉንጩን ሥጋ በጥፍሩ ነካ። ይበቃል አለ። ከበቂም በላይ ነው አለ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አላወቅኩም።

ምሳ ተበላልቶ ካፌው ሲቀዘቅዝ ሦስታችን ኩሽና ገባን። የሚስቴ መክተፊያ ላይ እኔ ጭንቅላቱን እይዛለሁ፣ ሰውየው ከጉንጩ ይቆርጣል፣ ጠርሙስ ውስጥ ይከታል። ሚስቴ ነጭና ቀይ እየለየች ታቀብለናለች፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። ከዚያ አንድ ነጭና አንድ ቀይ በሁለት እጇ ይዛ፣ አፍ ለአፍ ገጥማ አየቻቸውና ቀና አለች። ያየችው እኔን ነው። ማረጋገጥ ስላለብኝ ወደኋላዬ ዞሬ አይቻለሁ፤ ማንም አልነበረም።

«እነዚህ ያን ያህል ዘመን ተለያይተው ከኖሩ» አለችኝ፣ «አሁን አንድ ወንዝ ውስጥ ብትከታቸው ይተዋወቃሉ? ይጋባሉ?»

ጥያቄው ይኸው መጣ። ስንት ዓመት በሐሳቤ ስመልሰው ኖሬያለሁ፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ድርቁ፣ ስለ ኩሬው ስንት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ። ይሄንን ግን አላሰብኩትም። አፌን ከፈትኩ፤ ከመክተፊያው ላይ ካሉት በምንም አልለይም።

«አላውቅም» አልኳት።

ወደ ሰውየው ዞረች። «ዶክተር፣ አንተስ?»

እሱ ከያዘው ጉንጭ ላይ ዓይኑን አላነሳም። «እኔም አላውቅም እህቴ። ጋሼ ናቸው የሚነግሩን።» ማወቁን እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ባያውቅም ግን ልዩነት የለውም፤ አለማወቁም ከእኔ ይልቅ ያምርበታል።

ጠርሙሶቹ አዲስ አበባ ሄደዋል፤ ውጤት እንጠብቃለን። ነጩና ቀዩ ምን ያህል እንደተራራቁ ይነግረን ይሆናል። ይጋባሉ አይጋቡም የሚለው ግን ከዚያ ላይ አይነበብም። ሁለቱንም በሕይወት አምጥቶ አንድ ኩሬ ማስቆፈር፣ አብሮ ማኖር፣ መጠበቅ ይፈልጋል። ሰውየው እንጀምር ይለኛል፤ ከተማው ዳር፣ ሰቶ ሰመሮ በኩል ቦታም አይቷል። እኔ እናስብበት እላለሁ፣ ክረምቱ ይለፍ እላለሁ፣ ምን አስቸኮለን እላለሁ።

ሚስቴ ማታ ማታ ካፌውን ስንዘጋ፣ የመጨረሻውን ወንበር ጠረጴዛ ላይ እየሰቀለች፣ «እሺ፣ ተዋወቁ?» ትለኛለች።

ገና ናቸው እላታለሁ።